ቫኑዋቱን የሚያምሳት ፓርላማው አይደለም

ሰሞኑን ስለ ቫኑዋቱ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ላላነበበው ባጭሩ ልንገረው። ቫኑዋቱ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ 80 ገደማ ደሴቶችና ከ300 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት አገር ናት። በ2023 በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራረቁባት። ጸሐፊው ለዚህ ሁሉ ጣጣ ተጠያቂ ያደረጉት የፓርላማ ሥርዓቱን ነው። መድኃኒቱም ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው፣ የሥራ ዘመኑ የማይነካ ጠንካራ ፕሬዚዳንት ነው ይላሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጽሑፉ ስለ ቫኑዋቱ ይሁን እንጂ ወዴት እያነጣጠረ እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። ፓርላማ ይሻለናል ወይስ ፕሬዚዳንት የሚለው ክርክር እኛም ቤት የከረመ ነው። እኔ ግን እዛው ደሴቶቹ ላይ ልቆይ። ምክንያቱም ጸሐፊው የደረሱበት ድምዳሜ እዛው ቫኑዋቱ ውስጥ እንኳ አይሠራም።

ከመጀመሪያው ነጥባቸው ልነሳ። የሦስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ታሪክ እውነት ነው። ነሐሴ 2023 ላይ በጠቅላይ ሚኒስትር ኢሽማኤል ካልሳካው ላይ የመተማመኛ ድምፅ የመንፈግ ሞሽን፣ ማለትም የውሳኔ ሐሳብ፣ ቀረበ። ባለ 52 መቀመጫው ምክር ቤት ውስጥ 26 ሰዎች ደገፉት። 26 ድምፅ ይበቃል አይበቃም የሚል ሙግት ተነሳ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ይበቃል አለ። ካልሳካው ይግባኝ ጠየቁ፤ ተሸነፉ፤ ወረዱ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ሳቶ ኪልማን ገቡ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ደግሞ እሳቸውም ተነስተው ቻርሎት ሳልዋይ ተተኩ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ይቆማሉ። እኔ ደግሞ ከዚህ ነው የምጀምረው። እኚህ ቻርሎት ሳልዋይ ማን ናቸው? ከ2016 እስከ 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የአራት ዓመቱን ዘመን የጨረሱ ሰው ናቸው። በዚያው ሕገ መንግሥት፣ በዚያው ባለ 52 መቀመጫ ምክር ቤት። ወደ ኋላ ከተሄደ ደግሞ አንግሊካን ቄሱ ዋልተር ሊኒ አሉ። አገሪቱ በሐምሌ 1980 ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 1991 ቆዩ። አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። ሥርዓቱ በባሕርይው ሰው የማያስቀምጥ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተቀመጡ? ጽሑፉ ሊኒን በስም እንኳ አያነሳም።

ስለዚህ መጠየቅ የነበረበት ከሊኒ በኋላ ምን ተለወጠ የሚለው ነው። ይህን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ታገሱኝ።

ምክር ቤቱ 52 ሰው አለው። ወንበሩ ሁሉ ሲሞላ መንግሥት ለመመሥረት 27 ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የሚኒስትሮች ቁጥር ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ከምክር ቤቱ ሩብ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሩቡ 13 ነው። እንግዲህ በ27 ሰው የቆመ መንግሥት ውስጥ 13ቱ ሚኒስትር ሆኑ እንበል። 14ቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያያሉ። መኪናው፣ ቢሮው፣ ለወረዳቸው ሰው ሥራ የማስቀጠር አቅሙ ከፊታቸው ያለው ሰው እጅ ነው። ከወዲያ ማዶ ደግሞ 25 ተቃዋሚዎች አሉ። ለአንዱ ና ሚኒስትር እናደርግሃለን ይሉታል። ለሌላውም እንዲሁ። ሁለት ሰው ከተሻገረ 27 ሞላ፤ መንግሥት ወደቀ።

ሞሽኑን ለማቅረብ የሚጠየቀውም ቀላል ነው። የአባላቱ አንድ ስድስተኛ ከፈረመ ይበቃል፤ ዘጠኝ ሰው ማለት ነው። የአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ለአፈ ጉባኤው ይሰጣል። ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። እስከ 2024 ድረስ መንግሥት ያፈረሰው ሰው በሕጉ ምንም አያጣም ነበር። ወንበሩ እንዳለ ነበር፤ የሚጨመርለት ሥልጣን ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰው ባይሻገር ነበር የሚገርመው።

በሊኒ ጊዜም እኮ ይኸው ሕግ ነበር ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ልዩነቱ ያኔ ሰዎቹን አንድ ላይ የያዘ ፓርቲ መኖሩ ነው። የሊኒ ቫኑዋኩ ፓቲ ነጻነትን ያመጣ፣ በየደሴቱ ሥር የሰደደ ድርጅት ነበር። ማዶው ያለው የለዘብተኞች ኅብረትም ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን አሰባስቦ የያዘ ነበር። በ1991 ቫኑዋኩ ፓቲ ተሰነጠቀ። ሊኒን ያወረዷቸው የራሳቸው ሰዎች ናቸው፤ የተተኩትም የፓርቲው ሰው ዶናልድ ካልፖካስ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የተካሄደው ምርጫ ማዶኞቹን አስገባ፤ ማክሲም ካርሎ ኮርማን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ ስንጥቁ ሌላ ስንጥቅ እየወለደ ሄደ።

እንዳይገጥም ያደረገው ደግሞ ጽሑፉ አንድም ቦታ ያልነካው ነገር ነው። የምርጫው አሠራር።

በቫኑዋቱ ብዙዎቹ የምርጫ ክልሎች ከአንድ በላይ ወንበር አላቸው። መራጩ ግን የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ምርጫ ጣቢያው ገብቶ የእያንዳንዱ እጩ ፎቶና ምልክት ለየብቻው ያለበት የወረቀት ጥራዝ ይሰጠዋል። የሚፈልገውን ሰው ቅጠል ይገነጥላል፤ ፖስታ ውስጥ ይከታል፤ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። ሌላው ቅጠል ሁሉ ተጣለ። ሰባት ወንበር ያለው ክልል ከሆነ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሰባቱ ይገባሉ። በቃ።

ይህ ቀላል አሠራር ፓርቲን ምን እንደሚያደርገው እንይ። አንድ ፓርቲ ሰባት እጩ ቢያቀርብ ሰባቱ የሚሻሙት የገዛ ፓርቲያቸውን ድምፅ ነው። ስለዚህ እጩው ከማዶ ሰው ይልቅ የሚፈራው የፓርቲ ጓዱን ነው። ያቀረበው ሁለት ብቻ ከሆነ ደግሞ የቀሩት አምስት ሰዎች ተቆጥተው በግል ይወዳደራሉ፤ ወይ አዲስ ፓርቲ ያቋቁማሉ። ለመግባት የሚያስፈልገው ድምፅ ጥቂት ነው። የአንድ ሰፈር ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ዘመድ አዝማዱ ከተባበረ ይበቃል። እንዲህ አድርጎ የገባ ሰው ለፓርቲ ምን ዕዳ አለበት? ዕዳው ለዚያ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ደግሞ መንገድ፣ ክሊኒክና የሶላር መብራት ይፈልጋል። ይህን የሚያመጣው ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ ይሻገራል። እኔ ብሆን አልሻገርም ብዬ ለመማል እቸገራለሁ።

ለፍትሕ ሲባል አሠራሩ የመጣው በክፋት አይደለም። ቫኑዋቱ ከ1906 ጀምሮ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ የገዟት አገር ናት። ሁለት የፖሊስ ኃይል ነበራት፤ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤትም ነበራት። ነጻነት ሲቃረብ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው አናሳ ወገን እንዋጣለን ብሎ ፈራ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ፣ ብዙ ወንበር የሚለው ዘዴ እነሱንም ለማስገባት የታሰበ ነበር። ሁለት ፓርቲ እያለ ዓላማውን አሳካ። ፓርቲዎቹ ሲሰባበሩ ግን ስብርባሪውን ሁሉ ምክር ቤት የሚያስገባ በር ሆነ። በጥር 2025 ምርጫ አንደኛ የወጣው ፓርቲ እንኳ የምክር ቤቱን ሩብ አልሞላም።

ጸሐፊው ስለ ቋንቋ ያሉትን በአጭሩ ልለፈው። ከመቶ በላይ ቋንቋ ያለው ሕዝብ እንዴት ይስማማል ነው የሚሉት። ቋንቋው በሊኒ ዘመንም መቶ አልፎ ነበር። ፓርቲው ግን በዋናነት ሁለት ነበር። በዚያ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል ቢስላማ በሚባለው የጋራ ቋንቋ ይነጋገራል።

ወደ ዋናው መድኃኒታቸው እንምጣ። ጠንካራ ፕሬዚዳንት።

ቫኑዋቱ ፕሬዚዳንት አላት። የሚመርጡት የምክር ቤቱ አባላትና የክፍለ ሀገር ምክር ቤት ኃላፊዎች ናቸው፤ ሥልጣኑም በአብዛኛው የክብር ነው። ይሁንና በታኅሣሥ 1988 ፕሬዚዳንት አቲ ጆርጅ ሶኮማኑ ጠንካራ ለመሆን ሞክረው ነበር። ፓርላማውን በትኛለሁ ብለው ባራክ ሶፔን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕገ ወጥ ነው አለ። ፖሊስ የታዘዘው ለሊኒ ነበር፤ ሁለቱም ታሰሩ፤ ተፈረደባቸው፤ ቆይቶ በይግባኝ ተለቀቁ። እንግዲህ ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ጸሐፊው የሚመኙላቸው ሥልጣን ቢኖራቸው ኖሮ ማን ያቆማቸው ነበር?

ከቫኑዋቱ ውጭም እንይ። እኛ ዘንድ ኮሞሮስ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ1996 ተጠልፎ ባሕሯ ላይ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነው። አገሪቱ ራሷ ግን የፕሬዚዳንት ሥርዓት ለትንሽ ደሴት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ጥሩ ማሳያ ናት። ሐምሌ 1975 ነጻነቷን አወጀች። በነሐሴ መጀመሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አህመድ አብደላ በመፈንቅለ መንግሥት ተባረሩ። አንድ ወር አልሞላም። በኋላ ቦብ ዴናር የሚባለው ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር መልሶ አስቀመጣቸው። በ1989 ሥልጣን ላይ እያሉ ተገደሉ። አዛሊ አሱማኒ በ1999 በመፈንቅለ መንግሥት ገቡ፤ በ2016 በምርጫ ተመለሱ፤ በ2018 በሕዝበ ውሳኔ የሥራ ዘመን ገደቡን አስለወጡ፤ አሁንም አሉ። ጸሐፊው መረጋጋት የሚሉት አንድ ሰው ረጅም ጊዜ መቆየቱን ከሆነ፣ አዎ፣ ኮሞሮስ ዛሬ ተረጋግታለች።

ማልዲቭስም አለች። በ2007 ሕዝቡ ተጠይቆ የፕሬዚዳንት ሥርዓትን መረጠ። በመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ የገቡት መሐመድ ናሺድ ዘመናቸውን ሳይጨርሱ በየካቲት 2012 በፖሊስ አመፅ መሀል ለቀቁ፤ ተገደድኩ ነው የሚሉት። በ2018 ደግሞ ፕሬዚዳንት ያሚን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ጭምር አሰሩ። ቫኑዋቱ ውስጥ ዳኛ ባለሥልጣን ያስራል እንጂ ባለሥልጣን ዳኛ ሲያስር አላየንም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እውነት ለመናገር ጸሐፊው ሌላዋን የፓሲፊክ ደሴት አገር ኪሪባስን ቢያነሱ ኖሮ ይበልጥ ያስቸግሩኝ ነበር። እዚያ ፓርላማው እጩዎችን ያቀርባል፣ ሕዝቡ ከነሱ መሀል ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል። መንግሥቱም ከቫኑዋቱ በጣም የተረጋጋ ነው። ግን ምክንያቱን ስታዩት ወደ ሒሳቡ ይመልሳችኋል። ኪሪባስ ውስጥ ፓርላማው መንግሥትን በድምፅ ከጣለ ራሱም ይበተናል። የጣለው እንደራሴ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ደሴቱ ተመልሶ እንደገና ምረጡኝ ይላል። ስለዚህ አንዱ እጁን ከማውጣቱ በፊት ሁለቴ ያስባል። ሆኖ ያውቃል፤ በ1994ም በ2003ም መንግሥት ወድቋል። ግን በየዓመቱ አይደለም።

ሞሪሸስን ጸሐፊው ያነሷት ለመጣል ነው። ሀብታም ስለሆነች አትቆጠርም ብለዋል። በ1968 ነጻ ስትወጣ ሀብታም አልነበረችም። ስኳር ነበራት፣ ሥራ አጥነትና የብሔረሰብ ግጭትም ነበራት። በ1971 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መደረግ የነበረበት ምርጫ እስከ 1976 ተገፋ። የሚመኙት ዓይነት ጨዋ ጅምር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን ተሸናፊ በሰላም ይወጣል፣ አሸናፊ በሰላም ይገባል። ሥርዓቱ ፓርላማ ነው። የምርጫው አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው፤ በዋናው ደሴት 20 ክልል፣ በየክልሉ ሦስት ወንበር፣ ለመራጩም ሦስት ድምፅ። ሦስት ድምፅ ያለው ሰው የአንድ ወገን ሦስት ሰዎችን አንድ ላይ ይመርጣል፤ ስለዚህ ፓርቲዎች ከምርጫ በፊት ተጣምረው ይመጣሉ። ይህም የራሱ ችግር አለው። በ1982፣ በ1995 እና በ2024 አንዱ ጥምረት የዋናውን ደሴት 60 ወንበሮች ጠራርጎ ወስዷል። ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ያም ሆኖ የሞሪሸስ ችግር ከቫኑዋቱ ችግር ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱም ግን ፓርላማ ናቸው። ሥርዓቱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን በአንድ ዓይነት በሽታ ነበር የሚጥላቸው።

ሌላው የጽሑፉ ነጥብ ቫኑዋቱ ውስጥ መንግሥት ስለማይቆይ ሕግ የሚባል ነገር የለም የሚል ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ጥቅምት 2015ን ረስተዋል። ፍርድ ቤት 14 የምክር ቤት አባላትን በጉቦ ጥፋተኛ አለ፤ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞአና ካርካሰስና አፈ ጉባኤው ማርሴሊኖ ፒፒቴ ጭምር። ፕሬዚዳንቱ ባልድዊን ሎንስዴል ያን ጊዜ ውጭ አገር ነበሩ። ፕሬዚዳንት ሲወጣ የሚተካው አፈ ጉባኤው ነው። ፒፒቴ ምን አደረጉ? ለራሳቸውና ለ13ቱ ጓዶቻቸው ይቅርታ ፈረሙ! ጉድ ነው። ሎንስዴል ተመልሰው ይቅርታውን ሻሩ። ሰዎቹ እስር ቤት ገቡ። ወታደር አልወጣም፤ በጥር 2016 ምርጫ ተደረገ፤ ከዚያ ነው ሳልዋይ የመጡት። የፓርላማውን ከሩብ በላይ ዘብጥያ አውርዶ ሥራውን የሚቀጥል አገር በዓለም ላይ ስንት አለ?

ሁሉም ነገር አበባ ነው እያልኩ አይደለም። በ1996 የአገሪቱ ታጣቂ ኃይል አባላት አበላችን አልተከፈለንም ብለው ፕሬዚዳንቱን አፍነው ነበር። በ1998 እንባ ጠባቂዋ ፖለቲከኞች ከሠራተኛው የጡረታ ቁጠባ ብድር መውሰዳቸውን ስታጋልጥ ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ውስጥ ሁከት ተነስቷል። በታኅሣሥ 2024 መጠኑ 7.3 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ሲመታ ምክር ቤቱ ተበትኖ፣ አገሪቱ በባለአደራ መንግሥት ላይ ነበረች። 14 ሰው ሞተ። እንዲህ ባለ ቀን ሙሉ ሥልጣን ያለው መንግሥት አለመኖር ቀልድ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ኖሮ አብሬያቸው በጮህኩ።

ነገር ግን እንዲህ ያለ አገር ምንም አይሠራም ማለት ሐሰት ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እንዲያየው ያደረገችው ማን ናት? በ2019 ፖርት ቪላ ያለው የደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የሕግ ተማሪዎች ሐሳቡን አነሱ። የቦብ ላፍማን መንግሥት ተቀብሎ ዘመቻ አደረገው። ላፍማን ወረዱ፤ በካልሳካው ጊዜ፣ መጋቢት 2023፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን አጽድቆ ወደ ሄግ ላከው። ካልሳካው ወረዱ፤ ኪልማን መጥተው ሄዱ፤ በሳልዋይ ጊዜ ክርክሩ ተሰማ። ሳልዋይም ወረዱ፤ በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤቱ አስተያየቱን ሲሰጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆታም ናፓት ነበሩ። አምስት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንድ ፋይል። ፋይሉ ግን አልጠፋም።

የመጨረሻው ነጥብ የግንቦት 2024ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ጸሐፊው ሕዝቡ የፓርላማ ሥርዓት በቃኝ ያለበት ነው ብለውታል። አይደለም። ሕዝቡ የተጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ከፓርቲው የወጣ ወይም የተባረረ እንደራሴ ወንበሩን ይጣ ወይ? በግል የገባ ሰውስ በሦስት ወር ውስጥ ፓርቲ ይምረጥ ወይ? ለሁለቱም አዎ አለ። ይህ ፓርላማውን ለመጠገን እንጂ ለማፍረስ የተሰጠ ድምፅ አይደለም።

ጥገናው ይሠራል ወይ ከተባለ እኔ ብዙ አልተማመንበትም። ፓርቲው እንዳለ ጠቅልሎ ሲሻገር ሕጉ አይነካውም። ለፓርቲ መሪም አለንጋ ይሰጠዋል፤ ተቃወምከኝ ብሎ ካባረረው ሕዝብ የሰጠው ወንበር ሄደ ማለት ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር፤ በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች ሻራቸው። ቫኑዋቱም ውስጥ ሕዝበ ውሳኔው ከተደረገ ስድስት ወር ሳይሞላው በሳልዋይ ላይ አዲስ ሞሽን መጣ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ።

ያልተነካው ያ አንድ ድምፅ ነው። ቅጠሉን ገንጥሎ ፖስታ ውስጥ የመክተቱ አሠራር ዛሬም እንዳለ አለ። ጸሐፊው የሚፈልጉት ፕሬዚዳንት እንዲመጣ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል፣ ያ ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ መጽደቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ ስለ ምርጫው የሚለው ግን የተመጣጣኝ ውክልና ይዘት ይኑረው ብቻ ነው። ዝርዝሩ ያለው በተራ የምርጫ ሕግ ውስጥ ነው። እዚያው 52ቱ የሚቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ በአብላጫ ድምፅ ሊለወጥ ይችላል። 52ቱም ድምፅ ቢሰጡ 27 ሰው ያስፈልጋል፤ መንግሥት ለመጣል የሚያስፈልገው ያህል።